ክቡር አቋራጭና ባለሦስት እግሯ ወንበር

በዓለም ላይ አንድ አቋራጭ አዋቂ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። አለ ከተባለም ሠራተኞቹ በሰዓታቸው ወደ ቤታቸው የሚገቡበት መሥሪያ ቤት ነው። ይህ ሰው ወረፋ ሲያይ ሌላ መስኮት ያውቃል። የተዘጋ በር ሲያይ ጓሮውን ያውቃል። የታሸገ ብስኩት ሲያይ ከየት በኩል እንደሚቀደድ ያውቃል፤ ከዚያ ብስኩቱን ሁላችንም ከመሬት እንለቅማለን። ወረፋው አልቆ ሰዉ ሁሉ ጉዳዩን ፈጽሞ ሲወጣ፣ እሱ ከሌላኛው መስኮት ፊት ቆሞ ወደ መጀመሪያው እንዲመለስ ሲነገረው ታገኙታላችሁ። እንግዳ አይደለም። ወይ አጎታችሁ ነው፣ ወይ ጎረቤታችሁ፣ አልያም፣ እግዜር ያውጣችሁና፣ አለቃችሁ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ በነበረችው ትንሽ የቪዲዮ ስቱዲዮ ይህን ማዕረግ የያዙት በዕድሜ ጠና ያሉ የቴክኒክ ሠራተኛ ነበሩ። የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቀው አለቃው ብቻ ነው፤ እሱም ሲጠየቅ ጥቂት ያስባል። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይባላሉ። ዞር ሲሉ «ክቡር አቋራጭ» ናቸው። ክቡሩን የጨመረችው የስቱዲዮው ኤዲተር ናት። አንድ ቀን በጣም ተናዳ ነው የጨመረችው፤ ቢሮው ግን ወደደውና በዚያው ጸደቀ።

ሁለት አባባሎች ነበሯቸው። ሥራ ሲጀምሩ «ለዚህማ አቋራጭ አለው» ይላሉ። ሥራው ሲበላሽ «መንገዱ ልክ ነው፤ ከተማው ነው የተቀየረው» ይላሉ። ከመጀመሪያው አባባል እስከ ሁለተኛው ያለው ጊዜ እንደየሥራው ይለያያል። ጠዋት ተጀምሮ ማታ የሚደርስ አለ። አምፖል መቀየር ከሆነ ግን ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ይወጣሉ።

የሕንፃው ሊፍት ከተበላሸ ቆይቷል። የፊት ለፊቱን ደረጃ መውጣት ሞኝነት መሆኑን የተረዱት ክቡርነታቸው በጓሮ በኩል ሌላ መንገድ አገኙ፤ ምድር ቤት ያለውን ላውንደሪ ሰንጥቆ፣ በብረቱ ደረጃ ዞሮ፣ በስቱዲዮው መጸዳጃ ቤት አጠገብ ብቅ የሚል። ላውንደሪው የሆቴሎችን አንሶላ ስለሚያጥብ እሑድ እንኳ አያርፍም፤ የእንፋሎት ቧንቧው በስቱዲዮው መስኮት ሥር አልፎ ቀኑን ሙሉ ፍስስ ይላል። አንድ ቀን ከአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ የመጡ፣ ለካሜራ ብለው ፀጉራቸውን የተሠሩ ወይዘሮ ደረጃውን ሲያዩ ፊታቸው ቅጭም አለ። ክቡር አቋራጭ ጊዜ አላባከኑም። «ለዚህማ አቋራጭ አለው፣ እመቤቴ» ብለው መንገዱን በእጃቸው አሳዩ። ወይዘሮዋ ከብዙ ቆይታ በኋላ ስቱዲዮ ሲደርሱ ፀጉራቸው በእንፋሎት ተኝቶ፣ ትከሻቸው ላይ የማያውቁት ሰው የትራስ ልብስ ተንጠልጥሎ ነበር። አለቃው ይቅርታ ሲለምን ክቡርነታቸው ጣልቃ ገቡ። መንገዱ ልክ ነው አሉ፤ አንሶላው ነው የተቀየረው።

የስቱዲዮው የገመድ ቁም ሳጥንም የእሳቸው ሥራ ነው። ከፋብሪካ ተበታትኖ የመጣ ነበር፤ የአገጣጠሙን ወረቀት ሳይገልጡት የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረጉት። ሲጨርሱ አንድ እፍኝ ብሎን ተረፈ። ፋብሪካ ለሰነፍ ብሎ ሁልጊዜ ትርፍ ይጨምራል ብለው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቁም ሳጥን ገመድ የሚያወጣ ሰው ሁሉ አንድ ጉልበቱን በጎኑ ላይ ደግፎ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚማረው ይህንኑ አቋቋም ነበር።

ወጣት ሳሉ ታይፒስት ነበሩ። የተማሩባት የእንግሊዝኛ የጽሕፈት መኪና አሮጌ ስለነበረች የአንድ ቁጥር («1») ቁልፍ አልነበራትም፤ በእሱ ፈንታ ትንሿን ኤል («l») ፊደል ይመቱ ነበር። የዜሮዋ ቁልፍ ደግሞ እየተጣበቀች ስላስቸገረች ትልቁን ኦ («O») ፊደል ይመቱ ነበር። ወረቀት ላይ ማን ይለየዋል? ጣታቸው ግን ያንን ትምህርት እስከ ኮምፒውተር ዘመን ይዞት መጣ። የስቱዲዮውን ስልክ ቁጥር ድረ ገጹ ላይ የጻፉ ጊዜ ስልኩ ለሳምንታት ጭጭ አለ። ለካ ደንበኛው ቁጥር ነካሁ ሲል ፊደል ነው የሚነካው። ኤዲተሯ ደርሳበት ስታሳያቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ለእኔ አንድ ነው» አሉና ወደ ሻያቸው ተመለሱ። እሷም ክቡር ያለቻቸው ያን ዕለት ነው።

ከታይፑ በኋላ የቴፕ ዘመን ሰው ሆኑ። በዚያ ዘመን ሁሉም ነገር ረጅም ነበር። አንዲት ስህተት ለማረም ካሴቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማጠንጠን፣ ሲጠነጠን መጠበቅ፣ ሲነክስ በእርሳስ ማዞር፣ ከዚያ ሁሉንም እንደገና መቅዳት ነበር። የስቱዲዮው የቴፕ ክፍል ዛሬ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል፤ ሲከፈት አሁንም የጋለ ፕላስቲክ ይሸታል። ኤዲተሯ አንዳንዴ ክቡርነታቸው እዚያ በር ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ሲያዩ ታገኛቸው ነበር። አቋራጭ የወደዱት ምናልባት ለዚህ ይሆናል ብላ ታስባለች። የወጣትነቱን ሰዓታት ቴፕ ሲጠነጠን ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሰው፣ የቀረውን ጊዜ ቢሳሳለት አይፈረድበትም። ይህን የምታስበው እንግዲህ ባልተናደደችበት ቀን ነው። ያ ቀን ብዙ አልነበረም።

ኤዲተሯ የምትውለው የሳሙና፣ የቀለምና የቆርቆሮ ማስታወቂያ ስትቆርጥ ነው። የራሷ የምትለው አንድ ፊልም ብቻ ነበራት፤ እሱም አባቷ የሠሩላት የአንዲት ወንበር ታሪክ ነው። አባቷ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ወንበሯ በጡጫ ልክ ናት፣ ሦስት እግር ብቻ ነው ያላት፤ አራተኛውን ፍለጋ ከቤት ትወጣለች። ቤቱን፣ ደረጃውንና ጎዳናውን ሁሉ ከስስ ጣውላ የቀረጹት እሳቸው ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አባት ወንበሯን የፀጉር ያህል ገፋ ያደርጋሉ፣ ልጅ ፎቶ ታነሳለች፤ ገፋ፣ ፎቶ፤ ገፋ፣ ፎቶ። ፎቶዎቹ በፍጥነት ሲከታተሉ ወንበሯ ትራመዳለች። በመጨረሻ የጠፋው እግር ይገኛል፤ ግን አንድ ያረጀ ጠረጴዛ ደግፎ ይዟል፣ ቢወሰድ ጠረጴዛው ይወድቃል። ወንበሯ ትንሽ ትቆምና እግሩን ትታለት፣ እሷም ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ትላለች።

ሥራው ሊያልቅ አካባቢ የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የጠረጴዛውን ትዕይንት ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘው ነው የጨረሱት። አሁን የሞላ ብርጭቆ አያነሱም። ፊልሙ እንደገና ይሠራ ቢባል የሚሠራበት እጅ የለም። ሰኞ ከሰዓት ደግሞ የአንድ የልጆች ፕሮግራም መራጮች ስቱዲዮው ድረስ መጥተው ሊያዩት ነው። ከወደዱት ወንበሯ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ልትራመድ ነው፤ ኤዲተሯም ከቆርቆሮ ልትገላገል ነው። አባቷም ተጋብዘዋል። ሸሚዛቸውን ከሐሙስ ጀምሮ ተኩሰው ሰቅለውታል።

ክቡር አቋራጭ በዚህ ፊልም ላይ አንድ ቂም ነበራቸው። ለሙከራ ፎቶዎቹን ወደ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ያስገቡት እሳቸው ነበሩ፤ ከሺህ ስድስት መቶ የሚበልጡትን በሙሉ አፍሰው ጎትተው ጣሏቸው። ፕሮግራሙ ካልነገሩት በቀር አንድ ፎቶ ሲሰጡት አምስት ሰከንድ ያቆየዋል። ስለዚህ የሁለት ደቂቃው ፊልም ከሁለት ሰዓት በላይ ሆኖ ወጣ። ወንበሯ ትቆማለች፣ ታስባለች፣ ድንገት ትነቃነቃለች፣ እንደገና ትቆማለች። አለቃው በትዕግሥት ሲያይ ቆይቶ ወንበሯ መቼ ነው የምትሄደው ብሎ ጠየቀ። ክቡርነታቸው የምታስብ ወንበር ናት አሉት።

ያኔ ኤዲተሯ አሳየቻቸው። ሺውን ሁሉ መጎተት አያስፈልግም። የመጀመሪያዋን ፎቶ ብቻ መርጦ፣ «ተከታታይ ምስል» በምትለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ፣ በሰከንድ አሥራ ሁለት ፎቶ ብሎ መንገር ነው። ፕሮግራሙ ስሟ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ የሚቀጥለውን ራሱ እየጠራ ሁሉንም እንደ አንድ ቪዲዮ ያስገባል። ቁጥሮቹ ሳይዘሉ በእኩል አሃዝ እንዲሄዱ ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጡ እዚያው ይቆማል። ክቡር አቋራጭ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። እንዲህ ያለ አጭር መንገድ መኖሩ ሳይሆን ሳይነገራቸው መኖሩ ነው ያስቀየማቸው።

ዓርብ ጠዋት ቂሙ ወጣ። ፎቶዎቹ በብዙ ዙር የተነሱ ስለነበሩ እያንዳንዱ ዙር ቁጥሩን ከአንድ ነው የሚጀምረው፤ ኤዲተሯ በተራ በተራ ፎልደር አስቀምጣ ከሰዓት አንድ ወጥ ቁጥር ልትሰጣቸው አስባ ነበር። አባቷን ሐኪም ቤት ልታደርስ ስትነሳ ክቡርነታቸው ወንበራቸውን ሳቡ። ለዚህማ አቋራጭ አለው አሉ። እሷም ጋሼ አይንኩት፣ መጥቼ እሠራዋለሁ አለቻቸው። እሺ አሉ። እሺታቸው ራሱ ሊያስጠረጥራት ይገባ ነበር።

የሆነው ይህ ነው። በየፎልደሩ ያሉትን ፎቶዎች አንድ ቦታ አፈሰሱ። ኮምፒውተሩ ተመሳሳይ ስም አለ፣ ሁለቱንም ላስቀምጥ ወይ ሲላቸው አስቀምጥ አሉት፤ በዕለቱ ልክ የሠሯት ነገር ይህች ብቻ ናት። ከዚያ ከቀላል ወደ ከባድ ይሻላል በሚል ፎቶዎቹን በፋይል ክብደታቸው ደረደሯቸው። ከዚያ ሁሉንም መርጠው በአንድ ጠቅታ አዲስ ቁጥር ሰጧቸው። ሲጨርሱ እንዲረጋጋ ብለው ኮምፒውተሩን ዘግተው ከፈቱት፤ ይህ ለሁሉም በሽታ የሚያዙት መድኃኒት ነው። የድሮዎቹ ስሞች የሚመለሱበት መንገድም በዚያው ጠፋ። ካሜራው አሮጌ ሆኖ ባበሩት ቁጥር ሰዓቱን ከመነሻው ይጀምር ስለነበር ፎቶዎቹ መቼ እንደተነሱ የሚናገር ነገር አልነበረም። ሌላ ቅጂስ? ሌላውን ቅጂ ረቡዕ ዕለት አጥፍተውታል። አንድን ነገር ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ቦታ ማባከን ነው ብለው።

ኤዲተሯ ከሰዓት ተመልሳ ፊልሙን ከፈተች። ወንበሯ ከቤት ሳትወጣ ጎዳና ላይ ነበረች። ከጎዳናው ወደ አልጋ ሥር ገባች፣ ከአልጋ ሥር ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አለች፣ ደረጃውን በአንድ ጊዜ ወረደችም ወጣችም። ጠረጴዛው መጣ፣ ሄደ። የአባቷ አውራ ጣት አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

አልጮኸችም። ክቡርነታቸው ቢጮህባቸው ይሻላቸው ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ «ሳትወጣ ተመለሰች እኮ።»

«መንገዱ ልክ…» ብለው ጀመሩ። ሳይጨርሱት ቀሩ። ያ አባባል ግማሹ ብቻ ሲሰማ ስቱዲዮው ውስጥ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ከዚያ አንድ ፕሮግራም አለ አሉ። ወዳጃቸው የሰጣቸው፣ ፎቶን በመልኩ እያየ የሚደረድር። ቅዳሜና እሑድን ይፈጃል እንጂ ሰኞ ጠዋት ሁሉም በቦታው ይሆናል። ብቻ ማንም ቢሮው ዝር እንዳይል፤ ፕሮግራሙ ሰው ሲያየው ይደናገጣል። ኤዲተሯ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሰምታ አታውቅም። ልትከራከር አፏን ከፍታም ነበር። ግን አባቷ ለምርመራ ሁለቱን ቀን ሐኪም ቤት እንዲያድሩ ታዘዋል፤ ከእሷ ሌላ አጠገባቸው የሚሆን የለም። ክቡር አቋራጭ ይህንን ያውቃሉ። የቢሮውን ቁልፍ ከጠረጴዛዋ ላይ አንስተው ኪሳቸው ውስጥ፣ ከትርፉ ብሎን ጋር ጨመሩት።

ሁለቱን ቀን በሐኪም ቤቱ ኮሪደር ስትንጎራደድ ዋለች። አባቷ ሲተኙ ወደ መራጮቹ ልትደውልና ቀጠሮውን ልትሰርዝ ስልኳን ታነሳለች፤ አባቷ ሲነቁ ትመልሰዋለች። እሳቸው ስለ ሰኞ ብቻ ነው የሚያወሩት። የፊት ረድፍ ልቀመጥ ወይስ የኋላ፣ ልጆች ይኖሩ ይሆን፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ብቀመጥ ያስነውራል ወይ። እሷም የፊት ረድፍ ይሻላል ትላቸዋለች።

ቅዳሜ ወደ ክቡር አቋራጭ ደወለች። ፕሮግራሙ እየሠራ ነው፣ እኔ ቤቴ ጋደም ብያለሁ አሏት። ከድምፃቸው ኋላ ፍስስ የሚል ነገር ይሰማታል፤ ለሻይ ውኃ ጥደው ይሆናል አለች። እሑድ ስትደውል አሁንም ጋደም ብለዋል፣ አሁንም ፍስስ ይላል። ምን ዓይነት ሰው ነው ፊልሜን ገድሎ ሁለት ቀን ሙሉ ሻይ የሚያፈላ ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሰኞ ከሁሉም ቀድማ ገባች። ክቡርነታቸው ቀድመዋታል። ዓይናቸው በርበሬ መስሏል፤ ጉንፋን ነው አሉ። ሸሚዛቸው የዓርቡ ሸሚዝ ነበር። አልቋል፣ እንዳልኩሽ ነው፣ ፕሮግራሙ ትንሽ ቀርፋፋ ነው እንጂ ጎበዝ ነው ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

ፎልደሩን ከፈተች። ፎቶዎቹ በሥርዓት ተሰልፈዋል፣ እያንዳንዳቸው ባለ አራት አሃዝ። የመጀመሪያዋን መረጠች፣ ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረገች፣ በሰከንድ አሥራ ሁለት አለች። ወንበሯ ከአልጋው ሥር ብቅ አለች። ምንጣፉን ተሻገረች። አረማመዷ ራሱ ነበር፤ አባቷ የሰጧት ያ ትንሽ የሚያነክስ አረማመድ። ወንበሯ ወደ በሩ አመራች፤ መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ቁጥሩ ተቋርጧል ማለት ነው። ስሞቹን ቀረብ ብላ ስታይ ግን አልተቋረጠም። ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ አለ፣ ሦስት መቶም አለ። ሦስት መቶ ላይ ያሉት ዜሮዎች ትንሽ ወፈር አሉባት። ተጠጋች። ዜሮ አይደሉም። ትልቁ ኦ ናቸው። ወደ ታች ወረደች። ሦስት መቶ አሥራ አንድ፦ ኦ፣ ሦስት፣ ኤል፣ ኤል። ከዚያ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ አንዲት የአንድ ቁጥር፣ አንዲት ዜሮ የለችም። አንዱ ሁሉ ኤል፣ ዜሮው ሁሉ ኦ።

ፕሮግራም አይደክመውም። ፕሮግራም ለአንድ ቁጥር ኤል አይመታም። የአንድ ቁጥር ቁልፍ በሌላት መኪና ላይ የተማረ ጣት ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ እሱም መጀመሪያ ላይ ተጠንቅቆ፣ ተጠንቅቆ፣ ሲደክመው ወደ ወጣትነቱ የሚመለስ። ወዳጃቸው የሰጣቸው ፕሮግራም የለም። ክቡር አቋራጭ፣ የብስኩት ወረቀት በሥርዓት ከፍተው የማያውቁት ሰው፣ እዚህ ተቀምጠው ፎቶዎቹን ጎን ለጎን እያስተያዩ፣ ወንበሯ በየፎቶው የፀጉር ያህል የት እንደሄደች በዓይናቸው እየለዩ፣ ለእያንዳንዷ በእጃቸው ስም ጽፈዋል። አንድ በአንድ። በመስኮቱ ሥር ቧንቧው ፍስስ አለ። ኤዲተሯ ወደ መስኮቱ ዞር አለች፤ የትኛው ሻይ ይፈላ እንደነበር አሁን ገባት።

ዞር ብላ አየቻቸው። አንገታቸው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ አፋቸው ከፈት ብሎ፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ እንደተሰቀለ ተኝተዋል።

የቀረው ቀላል ነበር። ሁሉንም መርጣ፣ ኦ ባለበት ዜሮ አስገባ፣ ኤል ባለበት አንድ አስገባ አለችው፤ ኮምፒውተሩ በቅጽበት ጨረሰው። እንደገና አስገባችው። ወንበሯ ወደ በሩ ሄደች፣ ወጣች፣ ደረጃውን ወረደች፣ እግሩን አገኘች፣ ትታው ተደገፈች። አንድ ስህተት ብቻ አየች። በሩ ደፍ ላይ አምስት ስድስት ፎቶዎች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ወንበሯ ልትወጣ አንድ እርምጃ ትሰነዝርና ወደ ኋላ መለስ ትላለች፣ ከዚያ ነው የምትወጣው። እጇን ሰደደች፤ ማስተካከሉ ቀላል ነበር። እጇን መለሰች።

ክቡርነታቸው ነቅተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ችግር አለ እንዴ፣ ልጄ?»

«የለም፣ ጋሼ። አንዲት ነገር ነበረች» አለች። «አቋራጭ አገኘሁላት።»

ጥርጣሬ ባለበት ዓይን አዩዋት፤ ይህ ቃል በሌላ ሰው አፍ ሲወጣ አልለመዱም።

ከሰዓት መራጮቹ መጡ፤ የሚመሯቸው መነጽራቸው በሰንሰለት የተንጠለጠለ አንዲት ሴትዮ ነበሩ። አባቷ የፊት ረድፍ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ወንበሯ መራመድ ስትጀምር እጃቸው ሳያስቡት ወጣና ጉልበታቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ ቆየ፤ ማንም አላየውም፣ ሁሉም ስክሪኑን ነው የሚያየው። በሩ ደፍ ላይ ወንበሯ አንድ እርምጃ ሰንዝራ መለስ ስትል ከመራጮቹ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

መብራት ሲበራ ሴትዮዋ መጀመሪያ ያነሱት ያንኑ ነው። ብዙ የተሠሩ ነገሮች አይቻለሁ አሉ፣ አሻንጉሊት ስትራመድ አይቻለሁ፣ ከቤት ለመውጣት የምታመነታ ወንበር ግን አይቼ አላውቅም፤ ልጆች የሚያውቋት በዚህችው ማመንታቷ ነው፤ እንወስዳታለን። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረው እንዴት አሰቡት ብለው ጠየቁ። አባቷ ግራ ገብቷቸው ልጃቸውን አዩ።

«እኔ እንኳ ቀጥ አድርጌ ነበር ያወጣኋት» አሉ። «ይሄኛው ይሻላል።»

ኤዲተሯ ወደ ኋላ ዞረች። ክቡር አቋራጭ ያንን የዘመመ ቁም ሳጥን በጀርባቸው ደግፈው ጣሪያውን ያያሉ።

«እሷን ያስመለሷት እሳቸው ናቸው» አለች። «ክቡር ጋሼ።»

ክቡር የሚለው ቃል ፊት ለፊት ሲባል የመጀመሪያው ነበር። ከስቱዲዮው ሠራተኞች አንዱ ሳቁን ሊይዝ አፉን ሸፈነ፤ ግን በድምጿ ውስጥ የሚያስቅ ነገር ስላጣ እጁን አወረደ። ክቡርነታቸው እሱ ፕሮግራሙ ነው፣ እኔ ቤቴ ጋደም ብዬ ነበር አሉ።

ሲወጡ ኤዲተሯና ክቡርነታቸው አባቷን በሁለት በኩል ደግፈው ደረጃውን በዝግታ ወረዱ። በር ላይ ሲደርሱ መሽቶ አልነበረም፤ የታክሲ ማቆሚያው ከቆሙበት ይታያል፣ መንገዱን ተሻግሮ ጥቂት እርምጃ ነው። ክቡር አቋራጭ ማቆሚያውን አዩት፣ ላውንደሪውን አዩት፣ ሸሚዛቸውን አስተካከሉ።

«ለዚህማ አቋራጭ አለው» አሉ።

ኤዲተሯ የአባቷን ክንድ ይዛ ተከተለቻቸው። በላውንደሪው ጓሮ፣ በተሰጡት እርጥብ አንሶላዎች መሐል፣ አንዱን ሲገልጡት ሌላው ፊታቸውን እየመታቸው፣ የክቡርነታቸው ጫማ ብቻ ከአንሶላው ሥር ወዲያና ወዲህ ሲል እየታያት ብዙ ሄዱ። ታክሲው ከአጥሩ ወዲያ ጡሩምባውን ነፍቶ ሲሄድ ተሰማ። አባቷ ከአንድ ነጭ አንሶላ ኋላ ቆም ብለው ሩቅ ነው እንዴ ብለው ጠየቋት።

«አቋራጭ ነው፣ አባዬ» አለቻቸው።